መስኮቱ ወደ ምድር ይሁን

ሰው ስለ መርከብ መኝታ ክፍል አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ለማወቅ ነው። ሁለተኛ ቢመለስ ተጠራጥሮ ነው። አራት ጊዜ ከተመላለሰ ግን የሚጠይቀው ስለ መርከብ አይደለም። ይህን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም፤ ጎረቤት መሆን ይበቃል።

ማኅተም ቀራጩ ጎረቤቴ ነው። እኔንና እናቱን የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ «ይማርዎ» እላለሁ፤ እኔ ድስት ሳሳርር እሳቸው «እሳቱን ቀንሺው» ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆመው ሲተኩሱ የኖሩ ሴት ናቸው። ሰፈሩ «እትዬ ካውያ» ይላቸዋል፤ ቀጥ ያሉና የሚያቃጥሉ ስለሆኑ። ስሙን ያውቁታል፣ አልጠሉትም። ያ ሁሉ ዓመት መቆም ግን ጉልበታቸውን ጨርሶታል። ደረጃ ሲያዩ አበዳሪውን እንዳየ ሰው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና ልጃቸው ብቻ ናቸው። ልጁ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጣቱ ሁልጊዜ ቀለም የነካው። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጎማ ላይ ማኅተም ሲቀርጽ ይውላል። የማኅተም ሥራ የተገላቢጦሽ ሥራ ነው። ወረቀቱ ላይ በግራ እንዲወጣ የተፈለገው ጎማው ላይ በቀኝ ይቀረጻል። አሥር ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው ሹካና ቢላውን እንኳ ቆም ብሎ አስቦ ነው የሚያነሳው። እናቱ «የኔ ልጅ ግራና ቀኙን እስኪለይ ምግቡ ይቀዘቅዛል» ይላሉ።

እትዬ ካውያ ከልጃቸው ምንም ነገር ጠይቀው አያውቁም። ስድሳ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ግን አንድ ነገር ጠየቁት። ያደጉት ድንጋያማ በሆነ የባሕር ጠረፍ ላይ፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ ሥር ባለች ቤት ውስጥ ነው፤ አባታቸው የማማው ጠባቂ ነበሩ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከፈረሰ ቆይቷል። አንዲት አሮጌ የመዝናኛ መርከብ ግን በወር ሁለት ጊዜ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በፊቱ ታልፋለች። አትቆምም፤ ታልፋለች ብቻ። «ያን ቤት ከባሕሩ በኩል አንድ ጊዜ ልየው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ» አሉ። ከባሕሩ በኩል ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ ልጁም አልጠየቀም፣ ገንዘብ ማጠራቀም ጀመረ።

መርከቧ አሳንሰር የላትም። ስለዚህ እትዬ ካውያ የሚያዩትን ሁሉ የሚያዩት ከአልጋቸው አጠገብ ካለው መስኮት ነው። ምድር የሚታየው ደግሞ በመርከቧ ግራ በኩል ብቻ ነው። በቀኝ ያለው ውሃ፣ ከውሃው ወዲያም ውሃ። መሄጃው በመርከብ፣ መመለሻው በአውቶቡስ ስለሆነ ዕድሉ አንድ ነው። ልጁ ትኬት ቢሮ የገባው ይህችን አንድ ጉዳይ ይዞ ነበር፤ መስኮቱ ወደ ምድር ይሁን።

ትኬት ቆራጯ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትሰካ፣ ስትናገር ዓይኗ ቀድሟት የሚስቅ ልጅ ናት። መደርደሪያው ላይ የመርከቧን ንድፍ የምትዘረጋው ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ደንበኛው አድርጋ ነው፤ ራሷ ከላይ ወደ ታች ገልብጣ ታነባለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠርታ ስለለመደችው «ግራ» ስትል እጇ ሳታስበው ወደ ቀኟ ይሄዳል። እሱ ቀራጭ፣ እሷ ቆራጭ፤ ሁለቱም ሌላው ሰው ቀና ብሎ እንዲያነብ እነሱ ተገልብጠው የሚያነቡ።

በመጀመሪያው ቀን የትኛው ጎን ምድር እንደሚያሳይ ጠየቃት፤ ግራው ነው አለችው። በማግስቱ መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ ሊጠይቅ መጣ። አይከፈትም አለችው። በሦስተኛው ቀን ወረፋ ጠብቆ ደረሰና ጉሮሮውን ጠረገ።

«በግራ በኩል ማዕበል ይበረታ ይሆን?»

«ማዕበል ጎን አይመርጥም።»

«ፀሐይስ?»

«ፀሐይ ትመርጣለች። ጠዋት በቀኝ ናት።»

«እንግዲያው አስቤበት ነገ እመለሳለሁ።»

«ነገ የሚጠይቁት ምን ቀረ?»

አሰበ። «እስከ ነገ አላጣም» አላት።

ከኋላው ወረፋ የያዘች ሴት ሳቋን መያዝ አቃታት። ይህን የምጽፈው ያቺ ሴት እኔ ስለሆንኩ ነው። ለእህቴ ትኬት ልቆርጥ ሄጄ ነበር፤ ሁለቱም እኔን አላዩኝም፤ የእህቴንም ትኬት በተሳሳተ ቀን ነው የቆረጠችልኝ።

በአራተኛው ቀን «እርስዎ» የሚለው ቃል ከመሃላቸው ተነስቶ ወጥቶ ነበር። እሷ ንድፉን እንደ ልማዷ ወደ እሱ አዙራ ዘረጋችው። እሱ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አንገቷን አጣማ ስታነብ አይቶ አዝኖላት ኖሮ፣ ዛሬስ ተመችቶሽ አንብቢ ብሎ ወረቀቱን ወደ እሷ መለሰላት። እንዲህ ያደረገላት ደንበኛ ከዚያ በፊት አልነበረም። ልቧ ቀለጠ፤ እጇ ግን ልማዱን አልተወም። ግራ ለማለት ወደ ቀኟ ሄደና ሁለት መቶ አሥራ ሰባት የሚል ክፍል ላይ አረፈ።

እሱ አየ። የተገለበጠ ነገር ማንበብ እንጀራው ነውና፣ ይሄ የመርከቧ ቀኝ አይደለም እንዴ ብሎ አሰበ። ከዚያ ደግሞ፣ የኔን ዓይን ማን ያምነዋል፣ ሥራዬ አገላብጦኛል፣ እሷ ታውቃለች አለና ዝም አለ። እሷ ቁጥሩን ጻፈች፤ እሱ ፈረመ። አንዱ ለሌላው አዝኖ፣ አንዱ ሌላውን አምኖ፣ የእናትየው መስኮት ወደ ውሃ ዞረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁለቱ አንዳቸውም ወረቀቱን እያዩ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት የእነሱ ነበሩ። የቢሮዋ የቀን ማኅተም ጥርሱ አልቆ ስምንቱን ሦስት ያስመስል ስለነበር ሠራላት፤ ዋጋ አልቀበልም ስላለ ሻይ ጋበዘችው። ከሥራ ሲወጡ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ አብረው ይሄዳሉ፤ አውቶቡሱ ሲመጣ የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ። አንድ ማታ ሦስት አሳልፈው አራተኛው ላይ ስትሳፈር እጇን ይዞ አልለቀቀም። ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ። እሷ በዓይኗ ጠየቀችው፤ እሱ «እናቴ ስትመለስ ቤት እወስድሻለሁ፤ ለዘለቄታው» አላት። እሷ ጣቱ ላይ ያለውን ቀለም በአውራ ጣቷ አሸት አድርጋ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። ያ ቀለም እጇ ላይ ሁለት ቀን ቆየ፤ አላጠበችውም።

እትዬ ካውያ ወሬውን ሰምተዋል። አልተደሰቱም። ትኬት የምትሸጥ ልጅ ልቧ መንገድ ላይ ነው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ናት፣ ቤት አይበረክትላትም ይሉኝ ነበር በግድግዳው በኩል። እኔም፣ ትኬት የምትሸጠው ለሌላ ሰው ነው እንጂ እሷማ የትም ሄዳ አታውቅም ብዬ ልጅቷን እከላከላለሁ። «አንቺ ዝም ብለሽ ስፌትሽን ስፊ» ይሉኛል።

መርከቧ ልትነሳ አምስት ቀን ሲቀራት ትኬት ቆራጯ የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር ስታዘጋጅ ቁጥሩን አነበበችው። በዚያች መርከብ ላይ ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ያላቸው ክፍሎች በግራ ናቸው፤ የማይካፈሉት በቀኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ለሁለት አይካፈልም። ደጋግማ ብታካፍለውም አልተካፈለም።

ግራው በኩል አንድም ባዶ ክፍል አልነበረም። ስልክ ደውላ ከለመነቻቸው ተሳፋሪዎች አንዱ፣ በግራ ከፍዬ በግራ ነው የምተኛው አላት፤ ሌላዋ ስልኩን ዘጋችባት። የቢሮው ኃላፊ፣ ዝም በይ፣ ከጠየቁ መርከቧ መንገድ ቀይራ ነው ይባላል፣ ማን ያውቃል አላት። እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቅም ነበር። ብትናገር ግን ለማይወዷት ለእትዬ ካውያ ምክንያቱን በገዛ እጇ ልትሰጣቸው ነው፤ ልጁ ደግሞ በእናቱና በእሷ መካከል ሊቆም ነው። ይህን ሁሉ አስባ፣ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ማኅተም ሱቁ ሄደች።

ነገረችው። እሱ መቅረጫውን አስቀመጠ።

«አይቼው ነበር» አለ። «ያን ቀን አይቼ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ያመለከትኩት እኔ ነኝ።»

«ወረቀቱን ያዞርኩት እኔ ነኝ።»

«ደግ ሆነህ ነው ያዞርከው። ደግነት ጥፋት አይባልም።»

ሰው እንዲህ ጥፋት ሲሻማ አይታችሁ አታውቁም። በመጨረሻ እሱ፣ ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ፣ የኔ ስሕተት ነው እላለሁ አላት። እሷ እምቢ አለች። ገና ወደ ቤታቸው ሳልገባ በውሸት አልገባም ብላ ቀድማው መጣች።

እኔ በዚያ ሰዓት እትዬ ካውያ ቤት ተንበርክኬ የመንገድ ቀሚሳቸውን ጫፍ በመርፌ እያያዝኩ ነበር። ልጅቷ ቆማ፣ ምንም ሳትቀንስ ተናገረች። ልጁ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። እኔም የቀረውን መርፌ አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ልጄ ግራና ቀኙን እንደማያውቅ አውቄ ነው ያሳደግኩት» አሉ እትዬ ካውያ። «አንቺ ግን ደመወዝ የምትበዪበት ነው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እትዬ ካውያ ጨምረው፣ ልጄ የደከመበት ገንዘብ ነው፣ እሄዳለሁ፣ ውሃም ቢሆን አያለሁ፣ ስለዚህች ልጅ ግን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ወሬ አልሰማም አሉ። ውሃማ ሳፋ ውስጥም ነበር ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ፤ ቀሚሱ ከነመርፌው አብሯቸው ገባ።

ልጁ እስከ መንገዱ ተከተላት። አልቆመችለትም። «እናትህ ያን ቤት ሳታይ እኔ ያንተን ፊት አላይም» አለችው። አራት ቀን ሱቁን ከፍቶ ዋለ፤ አንድ ማኅተም እንኳ ቀና ብሎ አልወጣለትም።

እትዬ ካውያ ተሳፈሩ። ልጁ ሸኝቷቸው፣ መድረሻው ወደብ ላይ ሊቀበላቸው በዚያው ዕለት አውቶቡስ ያዘ። መንገዱን ሙሉ ሲያጠና የሄደው ምን ብሎ እንደሚያጽናናቸው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን እትዬ ካውያ ራሳቸው ነግረውኛል፤ ስለዚህ ግማሹን ሳያጋንኑት አልቀሩም።

በሁለተኛው ቀን፣ ገና ጨለማው ሳይገፍ፣ በራቸው ተንኳኳ። ሲከፍቱ ትኬት ቆራጯ ብርድ ልብስ ታቅፋ ቆማለች። ለካ መርከቧ ለትኬት ቢሮ ሠራተኞች የምትተወው አንድ አልጋ አለ፤ ተራው የደረሰው ሠራተኛ ብቻ ነው የሚተኛበት። እሷ ሦስት ዓመት ጠብቃ ተራዋ ዘንድሮ ነበር። አልጋው ታች፣ ሞተሩ ጎን ነው፤ መስኮት የለውም።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ማማው ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ይታያል፣ እትዬ። ደረጃው ሠላሳ ስምንት ነው፤ መቀመጫ ያለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አሁን ከጀመርን እንደርሳለን።»

«ጉልበቴ እምቢ ቢልስ?»

«አዝልዎታለሁ።»

«እኔን? የብረት አልጋ ብታዝዪ ይቀልሻል።»

ግን ወጡ። በአንድ እጃቸው ብረቱን፣ በሌላው የልጅቷን ትከሻ ይዘው፣ በየደረጃው እየቆሙ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲያርፉ የት እንደምትተኛ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ሃያ ስድስተኛው ላይ፣ ልጄ ነው የላከሽ አሉ። አያውቅም፣ ፊቱን ካየሁ ሰነበትኩ አለቻቸው። ለምን እንደሆነ ሲሰሙ «ሞኝ» አሏት። ያን ጊዜ ግን ካውያው በርዶ ነበር።

ሲወጡ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ባሕሩ ገና ግራጫ። ብርድ ልብሱን አለበሰቻቸው። ቆዩ። ከዚያ ፀሐይዋ ከጀርባቸው ብቅ ስትል ጠረፉ ላይ ያለው ማማ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ከሥሩ ያለችው ቤት ጣሪያዋ ወድቆ፣ ግድግዳዋ ቆሟል።

እትዬ ካውያ ብረቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ለልጃቸውም ለእኔም ነግረውን የማያውቁትን ለእሷ ነገሯት። ልጅ ሆነው መርከብ ባለፈ ቁጥር ያ ትልቁ ድንጋይ ላይ ወጥተው የእናታቸውን ነጠላ ጫፍ ይዘው ያውለበልቡ ነበር። እናታቸው ከሞቱ በኋላ የቀረችላቸው ያቺ ነጠላ ናት። ማንም መልሶላቸው አያውቅም። አባታቸው ግን «ያዩሻል፤ ሥራ በዝቶባቸው ነው» ይሏቸው ነበር። ሌላ ልጅ በአካባቢው አልነበረም። እስከ ዛሬ ማወቅ የፈለጉት በእርግጥ ይታዩ እንደነበር ብቻ ነው።

«ያንቺ ዓይን ወጣት ነው» አሏት። «ድንጋዩ ያ ነው፣ ከበሩ በስተቀኝ። እዚያ ላይ ልጅ ብትቆም ከዚህ ትታያለች?»

ልጅቷ አየች። እውነቱን ለማውጣት አልቸኮለችም። በሩ ራሱ የጥፍር ያህል ነው፤ ድንጋዩ ከሌላው ድንጋይ አይለይም።

«አትታይም፣ እትዬ።»

«አባቴ ታይተሻል ይለኝ ነበር።»

«ቤቱ ይታያል። ልጅ ግን አትታይም።»

እትዬ ካውያ ራሳቸውን ነቀነቁ። መርከቧ አልቆመችም፤ ማማው ቀስ እያለ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ያን ጊዜ ልጅቷ የአንገቷን ሻሽ ፈታችው። ክንዷን አውጥታ፣ ሰው በሌለበት ጠረፍ ፊት ለፊት፣ በሙሉ ኃይሏ ማውለብለብ ጀመረች።

«ለማን ነው?» አሉ እትዬ ካውያ።

«ለዚያች ልጅ። መልስ እየጠበቀች ነው።»

እትዬ ካውያ እዚህ ላይ ሲደርሱ እኔ በግድግዳው በኩል መርፌዬን አቆምኩ። እሳቸው አልቅሻለሁ አላሉኝም። ነፋሱ ዓይናቸውን እንዳስቸገራቸው ነው የነገሩኝ። ማማው እስኪጠፋ ልጅቷ ክንዷን አላወረደችም፤ ሲደክማት በሌላኛው ክንዷ ቀጠለች፤ እሳቸው ደግሞ እንዳትወድቅ ቀሚሷን ከኋላ ይዘው ቆሙ።

ረፋዱ ላይ መርከቧ ወደብ ደረሰች። ልጁ መውረጃው ሥር ቆሞ ያጠናውን ማጽናኛ በልቡ ይደግማል። መጀመሪያ እናቱን አየ። ከዚያ እናቱ የተደገፉበትን ክንድ አየ። ያጠናው ሁሉ ጠፋበት።

እጁን ዘርግቶ ሊደግፋቸው ሲመጣ እትዬ ካውያ ሻንጣውን ሰጡት።

«ይሄን ያዝ። እኔን የያዘኝ ሰው አለ።»

እሱ ሻንጣውን ተቀብሎ ቆመ። እሷ በእናትየው ትከሻ ላይ አሻግራ አየችው፤ እንቅልፍ ያጣ ፊት፣ ፀጉሯን ነፋስ በትኖታል፣ ለአንድ ሳምንት ያላየችውን ሰው በአንድ ጊዜ ልትጠግበው የፈለገች ትመስላለች። ሰው ሻንጣ እየጎተተ በሁለቱ በኩል ያልፋል።

እትዬ ካውያ አንዱን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ክንዷን ለቀቁ። አጥሩን ተደግፈው፣ በዚያ በማይረባ ጉልበታቸው፣ ብቻቸውን ስምንት እርምጃ ያህል ሄደው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና ጀርባቸውን ሰጧቸው።

«እኔ እስካርፍ ነው» አሉ ወደ ባሕሩ እያዩ። «የምትባባሉትን ተባብላችሁ ጨርሱ፤ ከዚህ ምንም አይሰማኝም።»

ልጁ ምን እንዳላት፣ እሷ ምን ብላ እንደመለሰችለት፣ ከዚያ ደግሞ ሻንጣው ለምን መሬት ላይ እንደወደቀ፣ አንድ ቃል ሳይጎድል አውቃለሁ። እትዬ ካውያ ናቸው የነገሩኝ።